የቅባቱ ክዳን

ውድ አባቴ፣

ይህን ደብዳቤ መነኮሳቱ እንዲያነቡልዎ አልፈልግም። መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት፤ ፊደሉን ሆን ብዬ አተልቄ ጽፌዋለሁ።

የገዳሙ አለቃ ሰኞ ዕለት ደውለውልኝ ነበር። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ያ ንፋስ የሚሉት ሕመምዎ ተነሥቶብዎ አንገትዎን ይዘው እንደወደቁ፣ አንዱን ጊዜማ ደረጃ ላይ እንደነበሩ ነገሩኝ። ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል አሉ፤ ሰው እንዲነካዎም አይፈቅዱም። «አንቺ የወታደሮች የአእምሮ ሐኪም አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ነኝ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አፈርኩ። በሳምንት ሠላሳ የድሮ ወታደር እያከምኩ፣ የገዛ አባቴ አንገታቸውን ይዘው ደረጃ ላይ ይወድቃሉ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ነግሬዎ አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ልንገርዎ።

እዚህ ባታምባንግ ሐሙስ ሐሙስ ስምንት ሽማግሌዎችን አንድ ላይ እሰበስባለሁ። አምስቱ እንደ እርስዎ የመንግሥት ወታደር የነበሩ ናቸው። ሦስቱ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ጫካ ሆነው በእናንተ ላይ ይተኩሱ የነበሩ። በዋናው ከተማ በፕኖም ፔን እንዳስተማሩኝ ወንበሮቹን ክብ አድርጌ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ የልባቸውን እንዲናገሩ አስቀመጥኳቸው። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ አውራ ዶሮ ውጊያ አወሩ። የማን ዶሮ የማንን ዶሮ ዓይን እንዳጠፋ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር። በየወሩ ለአለቆቼ «ተሳታፊዎቹ መሻሻል እያሳዩ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ውሸቴን ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሐሙስ፣ ጎረቤት ካለው መጋዘን ቆርቆሮ ሲያራግፉ ክምሩ እንደ ተኩስ ጮኾ ተደረመሰ። አጎት ሳሩን የሚባሉ፣ አንድ እግራቸውን ፈንጂ የወሰደባቸው የመንግሥት ወታደር አሉ። አንገታቸውን ያዙ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም እንደተማርኩት አጠገባቸው ተንበርክኬ «በአፍንጫ ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ እስከ አራት ይቁጠሩ» ማለት ጀመርኩ።

«እኔ እየሞትኩ ነው፣ አንቺ ቁጥር ታስተምሪኛለሽ!» ብለው ጮኹብኝ።

ይሄኔ አጎት ቬት ተነሡ። እሳቸው ከጫካዎቹ ናቸው። ከሸሚዛቸው ኪስ፣ ንፋስ ሲነሣ በክዳኑ ጀርባ የሚፋቅበትን ትንሽ የቅባት ቆርቆሮ አወጡ።

«አውልቅ» አሏቸው።

«በጥይት የሳትከኝን በክዳን ልትጨርሰኝ ነው?»

«ወሬህን ተውና ዙር።»

አጎት ሳሩን ሸሚዛቸውን አውልቀው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አጎት ቬት ጀርባቸውን ቀብተው በክዳኑ ጠርዝ ከአከርካሪው ወደ ጎን ይፍቁ ጀመር። ቀዩ መስመር ወዲያው ወጣ። አምስተኛው ወይ ስድስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ፣ አጎት ሳሩን ለግድግዳው መናገር ጀመሩ። እግራቸውን ስላጡበት ቀን ነበር።

«ጓደኛዬን ና ድረስልኝ አልኩት» አሉ። «መንገዱ ፈንጂ እንዳለበት አውቃለሁ። እያወቅሁ ጠራሁት። መጣ።»

ፊታቸውን ማንም አላየም። ሌሎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«የት ነበር?» አሉ አጎት ቬት።

«ከወንዙ ማዶ። ከድሮው የጡብ ማቃጠያ አጠገብ።»

የአጎት ቬት እጅ ቆመ። «እዚያ ፈንጂውን የቀበርነው እኛ ነን» አሉ። «እኔም በእጄ ቀብሬያለሁ።»

አሁን ይደባደባሉ ብዬ ብድግ አልኩ። አጎት ሳሩን ግን አልዞሩም። «ጠበቅ አድርገህ ፋቅ፣ ንፋሱ ገና አልወጣም» አሉ።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ዞረዋል። ከዋናው ከተማ ሊጎበኘን የመጣ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ «ምን አጥፍተው ነው የተቀጡት?» ብሎኛል። ክዳኑ ያድናል እያልኩዎ አይደለም። እስትንፋሱንም አሁንም አስተምራለሁ፤ አጎት ሳሩንም እስከ አራት መቁጠር ለምደዋል፣ እያጉረመረሙ። መስመሩ በሦስት ቀን ይጠፋል፣ ንፋሱም ተመልሶ ይመጣል። ግን ሰዎቹ ይናገራሉ። እኔ ስድስት ዓመት ተምሬ ያላወቅሁት ይህን ነበር፤ ዓይን እያየው የማይናገር ሰው፣ ከኋላው እጅ ሲኖር ይናገራል።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው መፋቅ ያስተማሩኝ። በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር፣ ምሰሶዎቹ መሃል ባለው የቀርከሃ አልጋ ላይ በሆድዎ ይተኛሉ። እኔ ከጎንዎ ተቀምጬ እፍቃለሁ። እርስዎም ፊትዎን ወደ ሩዝ ማሳው አድርገው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይጀምሩ ነበር። «ሞል ከኋላዬ ነበር» ይሉኛል። «ውሃው እስከ ደረታችን ነበር።» እኔ የዓሣ ማጥመድ ወሬ ይመስለኝ ነበር። የጀርባዎ ሁለት ጎን ሲቀላ «አለቀ አባባ!» ብዬ ወደ ጨዋታዬ እሮጣለሁ። ሞል ምን እንደደረሰበት አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ደግሞ ያ የአዲስ ዓመት ቀን አለ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ልቤም አብጦ ነበር። የሠፈሩ ልጆች ርችት ሲተኩሱ ንፋሱ ተነሣብዎ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ሸሚዝዎን አውልቀው ክዳኑን ይዘው እጅዎን ዘረጉልኝ። እኔም አልቀበልም አልኩ። «አባባ፣ ንፋስ የሚባል በሽታ የለም። እርስዎን የያዘዎ ፍርሃት ነው» አልኩ። ባለፈው ሳምንት ከደብተር ያጠናሁት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተዋጋ ሰው፣ በአጎቶቼ ፊት!

«ፍርሃት» አሉ። አልተቆጡም። ሸሚዝዎን ለብሰው እስከ አንገትዎ ቆለፉት። ከዚያ በኋላ የሚፍቅልዎ እናቴ ነበረች። እሷም ስትሞት ገዳም ገቡ። እኔም ገዳም ያስገባዎ ብቸኝነት ነው፣ እርጅና ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። አሥራ አራት ዓመት! ይቅር ይበሉኝ አባባ። ትክክል የመሰለኝን ተናግሬ ያለዎትን አንድ በር ዘጋሁብዎ።

ቅዳሜ በጧቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ ወረቀትም እስክሪብቶም አልይዝም። ክዳኑን ግን ይዣለሁ፣ ያንኑ አሮጌውን፤ እናቴ ከስፌት ዕቃዋ ጋር አስቀምጣው ነበር። ሸሚዝዎን አላወልቅም ካሉ አብሬዎ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እመጣለሁ። መናገር ካልፈለጉም ዝም ብዬ እፍቃለሁ። ስለ ሞል የሚሉኝን መስማት እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም። ቢሆንም ከኋላዎ እሆናለሁ፤ እርስዎ ፊቴን አያዩም፣ እኔም ፊትዎን አላይም።

ያን ጊዜ «አለቀ» ብዬ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። አሁን እርስዎ ራስዎ አለቀ እስኪሉኝ ድረስ እጄን አላነሣም።

ልጅዎ፣
ራምዱል