ነፋስ ስለጣለው ዋንዛ

ለክቡር አቶ ዘለቀ፣
የ«ለምለም አድማስ» ቡና ላኪ ድርጅት የጅማ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ባሕር ማዶ ያሉት ደንበኞችዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። እኛ ከቡናችን በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

እኔ እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ሐጂ ቲጃኒ ከአጋሮ ወዲህ፣ ከአያታቸው በወረሱት ደን ውስጥ፣ በዋንዛና በሰሳ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና እያለሙ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ገበሬ ናቸው። ምስጋናዬን በቁጥር ማቅረቤን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

፩ኛ. ደን ተጨፍጭፎ የተመረተ ቡና አንገዛም ስላላችሁ አመሰግናለሁ። የመስክ ሠራተኛዎ ወንድወሰን አምና ማሳውን በስልኩ ካርታ ላይ ሊያስገባ ሲመጣ፣ አባቴ የጉልበታቸውን ሕመም ችለው ድንበሩን ሙሉ ቀን አብረውት ዞረዋል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ዛፎቹን ቀና ብሎ እያየ እንዲህ ያለ ማሳ ብዙም እንዳላየ ነግሯቸዋል።

፪ኛ. ሳተላይታችሁ ስለማይተኛ አመሰግናለሁ። በሐምሌ ዝናብ አንድ ያረጀ ዋንዛ ነፋስ ነቅሎ ጣለው። በጥር አባቴ የደረቀውን ጀንፈል ቡና ጭነው ግቢዎ ሲደርሱ፣ በሳተላይቱ ፎቶ ማሳው ላይ ክፍት ቦታ ስለታየ ደን ጨፍጫፊ ተብለው እንደተመዘገቡ ተነገራቸው። አባቴም ወንድወሰንን ፈልገው አገኙትና «ልጄ፣ ግንዱ ከነሥሩ ተገልብጦ እዚያው ተኝቷል፤ መጥተህ እየው» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ እኔ አምንዎታለሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን የእኔን ቃል የማስገባበት ቦታ የለውም» ሲል መለሰላቸው።

ጎረቤታችን ግን ደኑን ከዓመታት በፊት ጨርሶ መንጥሮ ስላበቃ፣ ሕጋችሁ የተቆረጠ ዛፍ መቁጠር ከጀመረበት ቀን በፊት ነውና፣ ቡናው ንጹሕ ተብሎ ተመዝኖለታል። አልቀናሁበትም። ከእናንተ ጋር የሚያጣላው ደን መቁረጡ ሳይሆን ዘግይቶ መቁረጡ መሆኑን ግን ያኔ ተማርኩ።

፫ኛ. ለቡናው ስላደረጋችሁለት ምሕረት አመሰግናለሁ። አባቴ የተመለሰባቸውን ቡና፣ ጎሳዬ ለሚባል ነጋዴ እሱ በቆረጠው ዋጋ ሰጡት። ከሳምንት በኋላ፣ እንዳትባረር ስሟን የማልጽፈው፣ መጋዘንዎ ውስጥ ቡና የምትለቅም ጓደኛዬ፣ እኔ ራሴ በተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ የጣፍኩትን የአባቴን ጆንያ ከንጹሐኑ ቡናዎች መካከል ተደርድሮ አየችው። በአባቴ ስም ሲመጣ ጥፋተኛ የነበረው ቡና፣ በነጋዴ ስም ሲመጣ ተውበት አድርጎ ከኃጢአቱ ነጽቶ ኖሯል።

አራተኛው ምስጋና አይደለም።

ባለፈው ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ወደ ሱቄ ጎራ ብለው የሞተር መጋዝ የሚያከራይ ሰው ማግኘታቸውን ነገሩኝ። ዛፎቹን ቆርጠው፣ ቡናውን ነቅለው ጫት ሊተክሉ ነው፤ ጫት ካርታ አይጠይቅም ተብለዋል። ያያቶቻቸውን ዛፍ እንዳይነኩ ልለምናቸው አፌን ስከፍት፣ «ወድቆ ካስቀጣኝ፣ ቆሞ ምን ሊያደርግልኝ ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ወደ ስፌት መኪናዬ ጎንበስ አልኩና የያዝኩትን ቀሚስ መስፋት ቀጠልኩ። እሳቸውም ወጡ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ደን የጠበቀውን ከገበያ አስወጥቶ ቀድሞ የጨረሰውን የሚሸልም ንግድ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከየትኛው ጥላ ሥር ቡና ሊገዛ እንዳሰበ ቢያስረዱኝ ለአባቴ የምመልሰው ባገኘሁ ነበር።

ውድ ጊዜዎን በማጥፋቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለድርጅትዎ ዕድገትን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜን የምመኝ፣

አክባሪዎ
ኢሕሳን ቲጃኒ፣ ከጊንጆ

ማስታወሻ፦ ዘንድሮ ለደንበኞችዎ ባሳተሙት የግድግዳ ካላንደር የመስከረም ገጽ ላይ፣ «የደናችን ጠባቂ» ተብለው ዛፍ ሥር ቆመው የሚታዩት ሽማግሌ አባቴ ናቸው። ለመጪው ዓመት ፎቶ ካስፈለገ አንሺውን በዚህ ሳምንት ቢልኩት መልካም ነው፤ መጋዙ ሰኞ ይመጣል።