ስህተቴ አዲ አርቃይ ደረሰ

መስከረም 16 ቀን 1998

ሰኞ። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። ከሰዓት ፈረቃ፣ አሥረኛ ክፍል፣ ፊዚክስ። የፕላዝማውን ሣጥን ከፈትኩ፣ ቴሌቪዥኑ አስተማረ፣ ዘጋሁ፣ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ቁልፍ ያዥ ሆንኩ ማለት ነው?

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይሮጣል። ልጆቹ ከኋላው እየሮጡ ይገለብጣሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አያለሁ። ሲያልቅ፣ "ገባችሁ?" አልኳቸው። "አዎ!" አሉ በአንድ ድምፅ። ውሸት። እኔም እንዳመነ ሰው ወጣሁ።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለዚህ የሚያወራ የለም። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ ጤፍ... ስለ ክፍላችን ግን ዝም። ጋሼ እንዳልካቸው፣ የፊዚክስ ክፍሉ ኃላፊ፣ ጋዋናቸውን ሰቅለው ሄዱ። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጠይቃቸው ብዬ ተውኩት። ምን ብዬ? "ጋሼ፣ ልጆቹ አልገባቸውም" ልበል? "ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?" ቢሉኝስ?

ጥቅምት 5

የፕላዝማ ስልጠና እዚሁ ጎንደር። ከየወረዳው የፊዚክስ መምህራን መጥተዋል። የረመዳን ጾም ነው፣ አፌ ደርቋል።

አሠልጣኙ "ጥያቄ?" አለ። ዝም። ሁላችንም አዋቂ ነና! ከኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ተነሳች።

"ትርንጎ እባላለሁ፣ ከአዲ አርቃይ። የማግኔቱን ምዕራፍ በደንብ አላውቀውም። የሚያውቅ ሰው ስልኩን ይስጠኝ፣ እደውላለሁ። እኔ ደግሞ ሙቀትን አሳምሬ አስተምራለሁ፣ ለፈለገ።"

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልተቀመጠችም። እስክርቢቶ ይዛ ትጠብቃለች! አንድ ፋንታሁን የሚባል፣ ጠዳ የሚያስተምር መምህር፣ ከፊት ዞሮ ቁጥሩን ነገራት። እኔ አፈርኩላት። ለምን እንዳፈርኩ አሁን ሳስበው አይገባኝም...

ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሊበላ ወጣ። እኔ ዛፍ ሥር ቀረሁ። መጣች።

"አንቺ አትበዪም?"

"ጾም ነኝ።"

"እንግዲያው እኔም ልቀመጥ። ፈረቃሽ መቼ ነው?"

"ከሰዓት።"

"እኛ ጠዋት ነን። የሚተላለፈው ትምህርት ግን ያው ነው፣ ከሰዓት ይደገማል።" ዓይኗ በራ። "እኔ ወድቄ ስነሳ አንቺ ገና አልጀመርሽም ማለት ነው! ምሳ ሰዓት ደውዬ የወደቅሁበትን ብነግርሽስ?"

የትምህርት ቤታችንን ስልክ ሰጠኋት። አትደውልም ብዬ ነው።

ጥቅምት 15

ደወለች።

አባይነሽ፣ ጸሐፊዋ፣ ከቢሮ "ፈህሚያ! ከአዲ አርቃይ!" ብላ ጮኸች። ትርንጎ ቴሌ ቤት ወረፋ ይዛ ነው።

"ስሚ፣ ዛሬ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ሁለት አምፖል በአንድ ሽቦ ላይ ያሳያል። የኔ ልጆች ኮረንቲው መጀመሪያው አምፖል ላይ የሚያልቅ መሰላቸው። አንቺ ከመጀመሩ በፊት ጠይቂያቸው። የትኛው የበለጠ ይበራል በያቸው።"

ጠየቅኋቸው። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲጨቃጨቅ ቴሌቪዥኑ ጀመረ። ሁሉም ዓይኑን ተክሎ አየ። ማን እንደረታ ለማየት! እንዲህ ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም።

ኅዳር 14

ትርንጎ እንዴት እንደምትጠይቅ ሳስተውል ሰነበትኩ። እኔ ብሆን "ልጆቹ አልገባቸውም" ብዬ እዘጋለሁ። እሷ ግን... "ሥዕሉ ላይ ቀስቱ ወደ ላይ ሲታጠፍ ነው ልጆቹ ግራ የገባቸው። ሥዕሉን በአሸዋ ሠርቼ ሞከርኩ፣ አልሆነም። አንቺ ምን ትሞክሪ ነበር?" የት እንደተሰበረና ምን እንደሞከረች አብሮ ይመጣል። እንዲህ ለጠየቀ ሰው አለመመለስ ያቅታል።

ደግሞ የሰው ሐሳብ በስሙ ታስተላልፋለች። "ይቺን ያገኘው ፋንታሁን ነው።" "ይቺ የደባርቋ ሰብለ ወንጌል ናት።" የማላውቃቸውን ሰዎች ማወቅ ጀመርኩ።

ማታ ለአባባ አወራሁላቸው። ሱቃቸውን ዘግተው መምጣታቸው ነበር። ሳቁ።

"ምነው፣ መምህራን ይህን ዛሬ ነው የምታውቁት? ከሱቄ ጎን ያለው ነጋዴ ተቀናቃኜ ነው። ግን ጠዋት ጠዋት የትናንት ገበያ እንዴት ዋለ ካልተባባልን ሁለታችንም እንከስራለን።"

ታኅሣሥ 22

ቅዳሜ። ፋንታሁን የሚኖረው ቁስቋም ነው፣ ወደ ጠዳ ይመላለሳል። ጥቂት የፊዚክስ መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ቤት መሰብሰብ ከጀመርን ወር አለፈን። ትርንጎ ለጉዳይ ጎንደር መጥታ ነበርና ዛሬ በአካል ተገኘች። ጋሼ እንዳልካቸውም መጡ! ብዙ አልተናገሩም። ክንዳቸውን አጣጥፈው ሰሙ።

ትርንጎ አዲስ ነገር አመጣች። "በስልክ የምንነጋገረው ያየነውን ነው። ያላየነውን ማን ይነግረናል? አንዳችን የአንዳችን ክፍል እንግባ።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ክፍል የመምህሩ ጓዳ ነው። ጓዳ አይገባም።"

ትርንጎ አልተከራከረችም። "ልክ ነዎት፣ ያስፈራል። እኔ ልጀምር። መጀመሪያ የኔ ክፍል ግቡ።" አዲ አርቃይ ድረስ ማን ይሄዳል? ሳቅን። እኔ ግን ከአፌ አመለጠኝና "የኔ ክፍል ግባ" አልኩት ፋንታሁንን። ወዲያው ቆጨኝ።

የካቲት 6

ፋንታሁን ከኋላ ተቀመጠ። ስለ ሽቦና ስለ ማግኔት። ቴሌቪዥኑ ካበቃ በኋላ ጥሩ አስተማርኩ። በጣም ጥሩ! የቀኝ እጅ ሕግን ሳሳይ ልጆቹ ሁሉ አብረውኝ እጃቸውን አነሡ። አውራ ጣት ኮረንቲው ወደሚሄድበት፣ የታጠፉት ጣቶች ማግኔቱ ወደሚዞርበት... እንደ ዘፈን። ፋንታሁን ሲወጣ "ደስ ይላል፣ ቅዳሜ እናወራለን" አለ። ፊቱ ግን...

የካቲት 11

ልጻፈው ወይስ ልተወው?

ቁስቋም። ጋሼም አሉ። ፋንታሁን ልጆቼን አመሰገነ፣ ድምፄን አመሰገነ። ከዚያ፦ "አንድ ነገር... የቀኝ እጅ ሕጉን ያሳየሽው በግራ እጅሽ ነው።"

"አላደረግሁም!"

"ጠመኔው በቀኝሽ ነበር።"

ጠመኔው በቀኜ ነበር። እውነት ነው። በግራ ከሆነ ደግሞ አቅጣጫው ሁሉ ይገለበጣል። ክፍል ሙሉ ልጅ የተገለበጠ ነገር አስተማርኩ። እንደ ዘፈን!

ጋሼ ፊት መሆኑ ባሰኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ፋንታሁን እስከ ደጅ ተከተለኝ፣ መልስ አልሰጠሁትም። ከእንግዲህ ቁስቋም አልሄድም።

የካቲት 14

ምሳ ሰዓት ስልክ። "የለችም በያት" አልኳት አባይነሽን። አባይነሽ እጀታውን አልሸፈነችም ነበር።

"አለች፣ ሰምቻታለሁ!" አለ ስልኩ ከሩቅ።

አነሣሁ። ምን ልትለኝ ነው? አይዞሽ? ሁሉም ይሳሳታል?

"ፈህሚያዬ፣ አዳንሽኝ! ፋንታሁን ነገረኝ። ዛሬ ክፍል ገብቼ ልጆቼን አየኋቸው። እኔ በቀኜ ነው ያሳየሁት። እነሱ ግን በግራቸው! ለምን? እስክርቢቶው በቀኛቸው ነዋ! ሁሉም ገልብጠው ጽፈዋል። ያንቺን ባልሰማ እስከ ፈተና አላውቅም ነበር።"

እጀታውን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"አለሽ? ነገ ለደባርቆቹ ልነግራቸው ነው። በስምሽ ልበለው?"

"በስሜ?... ስህተቴን?"

"ያገኘሽው አንቺ ነሽ።"

ፋንታሁን ነው ያገኘው አልኳት። "እሱ አየ፣ አንቺ ደግሞ እንዲያይ በሩን ከፈትሽ" አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ። ጥያቄዋን ሳልመልስ።

የካቲት 15

ክፍል ገባሁ። ቴሌቪዥኑን ከመክፈቴ በፊት፣ "ባለፈው ያስተማርኳችሁ ተገልብጧል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። "እስክርቢቶ አስቀምጡ። ጠመኔዬንም አስቀመጥኩ።" ባዶ እጅ ሁላችን። አንዲት ልጅ ከጥግ፣ ዓመቱን ሙሉ ተናግራ የማታውቅ፣ እጇን አወጣች። "መምህር፣ እኔ ግራኝ ነኝ። የኔ ልክ ነበር።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ እስኪያመኝ።

የካቲት 25

ቁስቋም ሄድኩ። ፋንታሁንን ይቅርታ ልጠይቅ ስል "ተይው፣ ብቻሽን ሳለሽ መንገር ነበረብኝ" አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው! ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ውስጥ የታየው ነገር መጀመሪያ ለባለቤቱ ለብቻው ሊነገር፣ ለሌላው የሚነግረው ደግሞ ራሱ ባለቤቱ ሊሆን ተስማማን።

ከደባርቅ መልእክት አለ። እዚያም ብዙ ልጆች በግራ ነበር የሚያደርጉት። ሰብለ ወንጌል ትምህርቱን ስትጀምር "ጎንደር ያለችው ፈህሚያ እንዳለችው፣ እስክርቢቶ አስቀምጡ" ትላለች አሉ። አይቻት የማላውቃት ሴት! አፈርኩም፣ ኮራሁም። ሁለቱ አብረው መምጣት ይችላሉ?

መጋቢት 14

ትርንጎ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ነው።

"ምሰሶ ወድቆ መብራት ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነን። ፕላዝማው ከጠፋ ወዲህ ልጆቹ እየቀሩ ነው። 'መምህሩ የለ፣ ምን እንሠራለን' ይላሉ። እኔ ፊታቸው ቆሜ!" ከዚያም፣ "ብቻዬን አልቻልኩም፣ ፈህሚያ" አለች።

እኔ ብሆን ይህን ቃል እናገረው ነበር? ጥቅምት ላይ ያፈርኩላት ሴት... ያኔም ያደረገችው ይህንኑ ነበር። የሚያስፈልጋትን ሳትሸፋፍን መናገር። ድፍረት መሆኑን ያላየሁት እኔ ነኝ።

"እንመጣለን" አልኩ። ከዚያ ፋንታሁንን ጠየቅሁት!

ጋሼ እንዳልካቸው ሰምተው ጠሩኝ። ከቁም ሣጥናቸው ሽቦ፣ ኮምፓስ፣ የብስክሌት ዲናሞ አወጡ። "ድሮ በዚህ ነበር የማስተምረው። ስትመለሱ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ።" ብጠይቃቸው ኖሮ ድሮም ይሰጡኝ ነበር?

መጋቢት 23፣ አዲ አርቃይ

ትናንት ሊማሊሞን ስንወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቆላው ሙቀት ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ቢሆንም ትርንጎ በየሰፈሩ አስጠርታ ልጆቹ መጡ። ክፍሉ ሞልቶ መስኮት ላይ ቆሙ። ጥቁሩ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ዝም ብሏል። ፋንታሁን ሽቦውን ባትሪ ድንጋይ ላይ አሰረ፣ ትርንጎ ኮምፓሱን አስጠጋች፣ እኔ አስተማርኩ። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በእጅ። መርፌው ሲዞር "ኧረ!" አሉ።

ታየች የምትባል ልጅ፣ "ባትሪው ቢገለበጥስ?" አለች። ልመልስ አፌን ስከፍት ትርንጎ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ጠበቅን። ታየች ራሷ ተነሥታ ባትሪውን ገለበጠችው። መርፌው ወደ ሌላ ዞረ። አፏን በእጇ ያዘች።

መስኮት ላይ የአንዱ ልጅ አባት ቆመው ነበር። "ምነው፣ ቴሌቪዥኑ ሳይኖርም ይማሯል እንዴ?" አሉ።

"ይማሯል፣ አያ" አለች ትርንጎ።

"ሸጋ ነው። ሰኞም ልጄን እሰዳለሁ።"

ትርንጎ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ያለቀሰች መሰለኝ።

ማምሻውን ሦስታችን በረንዳዋ ላይ የነገውን አዘጋጀን... የነገውን ስል የሚቀጥሉትን ሳምንታት። እሷ በእጅ የሚሠራውን ታስተምራለች፤ እኛ ፕላዝማው ያሳየውን በየቀኑ ምሳ ሰዓት እንነግራታለን። አሁን ደዋዮቹ እኛ ነን።

ሚያዝያ 18

አዲ አርቃይ መብራት መጣ። ትርንጎ ግን "ሽቦውን አልመልስም" አለች። ጋሼ ሳቁ። "ይቅርላት።"

ሰኔ 9

ፈተናው አለፈ። ከደከምኩት ድካም ሁሉ ይህኛው ጣፋጭ ነው።

ሐምሌ 5

የዓመቱ የመጨረሻ ስብሰባ፣ ቁስቋም። ሲያልቅ ጋሼ እንዳልካቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ "የክረምት ትምህርት ታስተምሪያለሽ አይደል? ልግባ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።"

"ለዚያ ነው። የአንቺን ካየሁ በኋላ፣ መስከረም ላይ አንቺ ደግሞ የኔን ታያለሽ። የሚጎድለኝን ትነግሪኛለሽ። ለብቻዬ!" አሉ፣ ጣታቸውን እየቀሰሩ።

ሐምሌ 10

መጡ። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አልገባ ብሎ በጎን ተቀመጡ። ልጆቹ እየዞሩ ያያሉ። እኔ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው።

መሃል ላይ እጃቸውን አወጡ። እንደ ተማሪ።

"መምህር፣ መንገድ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ለምን ያጉረመርማል?"

መምህር አሉኝ። የማውቀውን ሁሉ በጭንቅላቴ አገላበጥኩ። የለም።

"አላውቅም" አልኩ። "ማን ይገምታል?"

ክፍሉ ተንጫጫ። ንፋስ ነው፣ ዘይቱ ሲፈላ ነው፣ ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ነው... እያንዳንዱን ግምት ከነባለቤቱ ስም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ነገ ለትርንጎ እደውላለሁ፣ ፋንታሁንም መብራት ኃይል የሚሠራ ጓደኛ አለው። ሰሌዳው ሊሞላ ሲል ጋሼ እንደገና እጃቸውን አወጡ።

"የብረቱ ይመስለኛል" አሉ። ትንሽ አሰቡ። "ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

ተማሪያቸው ሆኜም፣ ባልደረባቸው ሆኜም ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ ምንም አልመሰላቸውም። ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ስማቸውን ከልጆቹ ስም በታች ጻፍኩት። እንዳልካቸው።