ትሪው ላይ ያሉት ክዳኖች

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

«በቅርቡ በዓይነ ሥጋ ለማይሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፣ አልሆነም። ለመሆኑ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ባልሽ አላዳርስ አሁንም ሲያንኮራፋ ግድግዳ ያነቃንቃል? እኛ ደህና ነን። ቡዳፔስትም ደህና ናት፤ ትራሟ ይንጫጫል፣ ማሞቂያችን ደስ ሲለው ይሠራል። እማማ እንደምታውቂያት ናት፤ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ስምሽ ሲነሳ ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች።

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም። የምትሰጥሽን ሴትዮ ሻይ አጠጫት እንጂ ስሟን አትጠይቂያት።

ዋናውን ልንገርሽ፤ ለፋሲካ ቪየና አልመጣም። ባቡር ጣቢያ ወጥተሽ እንዳትንከራተቺ።

አሁን ወንበር ስበሽ እንደተቀመጥሽ ይታየኛል። ከጀመርኩት አይቀር ሁሉንም ልዘርዝርልሽ። ወጥ ቤት ውስጥ የማርማላታ ክዳን ስደረድር ትስቂብኝ የነበረው ነገር ትዝ ይልሻል? ይኸው ዕድሜዬን የበላው እሱ ነው። እኩል ክቦችን ሰሌዳ ላይ ትደረድሪያለሽ፣ አንዳቸውም ፈቀቅ እንዳይሉ አድርገሽ። ሰው ሁሉ ለዚህ ሰሌዳው ጢም ብሎ መሙላት አለበት ይል ነበር። የለበትማ! አንድ ክብ በሦስት በኩል፣ በትክክለኛው ቦታ ከተነካ አበቃለት፣ መላወሻ የለውም። ስለዚህ ሰሌዳው ባዶ እስኪመስል ማሳሳት ትችያለሽ፤ ቦታው ሞልቶ ተርፎ ማንም ንቅንቅ አይልም። ይህንን ነው ያረጋገጥኩት። እማማ ክዳኖቹን የደረደርኩበትን ትሪ አይታ «ይህ ሁሉ ቦታ እያለ እነዚህን ምስኪኖች ምን ያዛቸው?» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት።

የቪየና የሒሳብ ሰዎች መጥተሽ አስረጂን ሲሉ መምህሬ አጎት ቪልሞሽ ደስታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ባርኔጣቸውን ረስተው በበረዶ ባዶ ራሳቸውን ሄዱ። እኚያ ሽማግሌ ትዝ ይሉሻል አይደል? ተማሪ ሳለን «የአጎት ቪልሞሽ ስህተት» እያልን የምናማቸው። ጦርነቱ እንዳለቀ ሮም ሄደው ሊያቀርቡት የነበረውን ትልቅ ሥራ በመጨረሻው ሰዓት «ተሳስቻለሁ» ብለው አነሱት፤ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ እስካሁን ማንም አላገኘውም። ሰነፍ ተማሪ ሁሉ በእሳቸው ይጽናና ነበር።

የእኛዎቹ ባለሥልጣናትም ፓስፖርቱን እንሰጥሻለን አሉኝ። እኔ ሞኟ የፕሪም ማርማላታሽን በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

ከዚያ ጓድ ቴልኬሽ የሚባሉ ከደኅንነት መሥሪያ ቤት የመጡ ሰው ኬክ ቤት ጋበዙኝ። ለአንቺ እንዴት እንደሚያስቡልሽ ብታይ! ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ማን ማን ይመጣል፣ አላዳር ከሬዲዮ ጣቢያው ሲወጣ በየት በኩል ይሄዳል፣ ብቻውን ነው ወይ? የሥጋ እህትሽ ጠይቄሽ የማላውቀውን ሁሉ ጠየቁኝ። «እርስዎ መቼም የቅርጽ ሰው ነዎት፤ ሲመለሱ የቤቱን ፕላን ቢነድፉልን ምን ይከብድዎታል?» አሉኝ። ኬኩን ወደ ጎን ገፋሁት። ላስብበት ብላቸው «ያስቡበት እንጂ! ባለቤትዎ ዴዦም ከማስተማር ሥራቸው ባይፈናቀሉ፣ እናትዎም በስተርጅና ከሞቀ ቤታቸው ባይወጡ ደስ ይለናል» ብለው ሒሳቡን ከፈሉና ኮቴን አለበሱኝ። ጨዋታቸው ያንገሸግሻል።

እህት ዓለም፣ ተያዝኩ። እምቢ ብል ዴዦና እማማ አሉ። እሺ ብል አንቺ አለሽ። ሄጄ ውሸት ይዤ ልመለስ ብል ደግሞ እነሱ የሚያጣሩበት ሌላ ዓይን አያጡም። እንደ እነዚያ ክዳኖች ሆንኩልሽ። ዴዦ የሆነውን ስነግረው ጫማውን ሲያስር ቆየ፤ ጫማው ግን ታስሮ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሴሚናሩ ላይ ቆሜ ማረጋገጫዬ ስህተት አለበት፣ ለቪየና ሰዎችም ቀርቻለሁ ብዬ ጽፌያለሁ አልኩ። እምቢም አላልኩ፣ እሺም አላልኩ፤ ጉዞው ራሱ ቀረ።

ኤቴልካ፣ ጎበዟ ባልደረባዬ፣ ሽንጧን ገትራ ተነሳች። «የቱ ጋ ነው? መስመር በመስመር አይቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም! ምን ነካሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ጠመኔ ይዤ ቀረሁ። ምን ብዬ ላሳያት? ትክክል የሆነውን ነገር የት ጋ ልስበረው? ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበትን ሥራ በገዛ እጄ እየገደልኩ ማልቀስ አማረኝ።

አጎት ቪልሞሽ በዱላቸው ተደግፈው ወደ ሰሌዳው መጡ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ከሁሉ የጠነከረው፣ እሳቸው ራሳቸው ያደነቁልኝ መስመር ላይ አሳርፈው «ይኸውላችሁ። እዚህ ጋ ነው። እኔም አየሁት» አሉ። ኤቴልካ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አዎ፣ አሁን ታየኝ» አለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ አዎ አሉ። ያ ሁሉ አዋቂ!

ስንወጣ ኮታቸውን ሳለብሳቸው ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ያኔ ወንድሜ ሮም ነበር የሚኖረው» አሉኝ። ትራም ጣቢያው ድረስ ክንዳቸውን ይዤ ሸኘኋቸው።

በይ እንግዲህ። አላዳር መንገዱን ይለዋውጥ፣ በራችሁንም ለማታውቁት ሰው አትክፈቱ። ማርማላታውን ሴትዮዋ ታመጣልሻለች፤ እማማ በእጇ የቀዳችው ነው፣ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ። ያሰቡልሽን ክፉ ሁሉ ፈጣሪ ከደጅሽ ይመልሰው፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ለዓይነ ሥጋም ያብቃን።

ስትስቂባት የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ