ባለመነጽሩ ጠመንጃ

ቡሬ፣ ኢሉባቦር
ጥቅምት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለመክብብ ዲበኩሉ
ጎዴ

ልጄ መክብብ፣ የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛን ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ከዚያ በቀር ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። እህትህ ሳያትም ደህና ናት። ደህና ባትሆን ኖሮ ከመቱ ጎዴ ድረስ የእኔን ወሬ ለማቀበል አቅም አታገኝም ነበር።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፊደሌ ገዝፎ ብታየው እንዳትስቅ፤ ከማሙሽ ሱቅ የገዛሁት እስክሪብቶ ቀለም ይተፋል፤ አሳንሼ ስጽፍበት ይጨማለቃል። ማሙሽም ራሱ «ጋሼ ዲበኩሉ ኮርተዋል፤ መንገድ ላይ ሰላምታ ይነፍጉናል» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ያማኛል አሉ። ሰው ከፍቷል።

«አባባ፣ ጠመንጃ ጠመንጃ ነው። የግድ ካስፈለገ ርካሹን ግዛና የተረፈውን ለቤቱ ቆርቆሮ አድርገው» ብለህ ጽፈሃል። ሳነበው ደሜ ፈላ። ጎዴ ተቀምጦ የውሃ ቧንቧ የሚዘረጋ ሰው ስለ ከርከሮ ምን ያውቃል? አንተ ከሄድክ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ ከርከሮ ብቻ ሆኗል። በቆሎው እሸት ሲይዝ ጠብቀው ይገባሉ፤ የሚበሉት ትንሽ ነው፣ የሚረግጡት ግን የዓመት ቀለባችንን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከእኔ ስማ።

ያንን አሮጌ ምንሽሬን ታውቀዋለህ። በእሱ ስንት ከርከሮ እንደጣልኩ ጎረቤታችን ኪቲላ ይመስክር። ዘንድሮ ግን ከዳኝ። ብተኩስ ብተኩስ አንዱንም አይነካ! አፈሙዙ ተበልቷል። ማነጣጠሪያውማ አይነሳ! ጫፉ ላይ ያለችው ጉብ ያለች ነገር ድሮ ቁልጭ ብላ ትታይ ነበር፤ አሁን ዝገት ይሁን ምን ይሁን እንጃ፣ ጭጋግ ለብሳለች። በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግኳት፣ በጋዝ አጠብኳት፤ ወይ ፍንክች።

ነሐሴ ላይ የደረሰውን ሳያት ሳትነግርህ አትቀርም፤ ግን አጣማ ነው የምትነግርህ። አመሻሽ ላይ ማማው ላይ ሆኜ እርሻውን እጠብቃለሁ። በቆሎው ተነቃነቀ፤ አንድ ጥቁር ነገር ዝቅ ብሎ ሲሄድ አየሁ። ማንም ቢያየው ከርከሮ ነው የሚለው። ቃታውን ሳብኩ። ወዲያው የኪቲላ ሚስት የኢብሴ ጩኸት መጣ።

«ቦዬ ሚቲ! ቦዬ ሚቲ! ኦቦ ዲበኩሉ፣ ኧረ አሳማ አይደለም!»

ጊደራቸው ናት። ገመዷን በጥሳ በቆሎው ውስጥ ገብታ፣ ኢብሴ የገመዱን ጫፍ ይዛ ከኋላዋ ስትጎትት ነበር። ጥይቱ የጊደሯን ታፋ መታ። ከማማው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ኢብሴን ክንዷን ይዤ «ነካሽ ወይ? ነካሽ ወይ?» እላለሁ፤ ደግነቱ እሷን አልነካትም።

ኪቲላ መጣና ጊደሯን አረዳት። ኪቲላ ማለት አንተ ልትወለድ እናትህ ምጥ ሲጠናባት በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ካደረሷት አንዱ ነው። ልክፈልህ ስለው እጁን አወናጨፈብኝ። «ኦቦ ዲበኩሉ፣ ጊደር ትተካለች» አለና ወደ ኢብሴ አየ። «ይህን ያደረገው ያ የተበላ አፈሙዝ ነው» ብዬ ማልኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኪቲላ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በእርሻዬ ጥግ ማለፍ ተዉ፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞረው ይሄዳሉ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጆች የሚፈሩኝ ሰው ሆንኩ!

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ ደህና ጠመንጃ ልግዛ ማለት ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

መቱ ሄጄ እህትህ ሳያት ቤት አረፍኩ። የሚሸጥ ሁለት ተገኘ፤ የሁለቱም ፈቃድ የተሟላ ነው። አንዱ ተስፋነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የምትሸጠው ምንሽር ነው። ርካሽ ነው፤ ሰዉም ሁሉ ያንን ውሰድ ይለኛል። አንስቼ አነጣጠርኩ። ያው ጭጋግ! የእኔው ወንድም ነው። ሁለት የተበላ ጠመንጃ ምን ያደርግልኛል ብዬ መለስኩላት። ሴትዮዋ ተቀየመችኝ፤ ባሏ እስኪሞት ድረስ ሲተኩስበት ነበር አለች።

ሁለተኛው የሰቦቃ ነው። ሰቦቃ ጋምቤላ ውስጥ የውጭ አገር አዳኞችን ሲያጅብ የኖረ ሰው ነው፤ አንዱ ፈረንጅ ሲሄድ ጠመንጃውን በወረቀት አዛውሮለታል። የነምሳ፣ ማለት የኦስትሪያ፣ ሥራ ነው። ሰደፉን ብታየው የቤት ዕቃ ይመስላል፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ድምፅ የለውም፤ ከላዩ ደግሞ መነጽር ተገጥሞለታል። ዋጋው ውድ ነው፣ አልካድኩም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ቤታችንን ሙሉ በአዲስ ቆርቆሮ ይከድነዋል። ሳያት «አባባ፣ ከርከሮ የሚሞተው በጠመንጃው ዋጋ ነው እንዴ? ሁለቱም የሚተፉት ያው እርሳስ ነው» አለችኝ። እናትህ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣሪያው በሚያፈስበት ሥር ባልዲ ትደቅንና እኔን ታየኛለች። ባልዲውንም ጓ ታደርገዋለች።

እኔም ዕቃ ሳልፈትን የምገዛ ሞኝ አይደለሁምና እርሻዬ ላይ ካልሞከርኩት አልኩ። ሰቦቃ እሺ ብሎ፣ ወረቀቱንም አሟልቶ፣ ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ቡሬ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ከጓሮው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆምን። መቀርቀሪያውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳየኝና «መጀመሪያ መነጽሩን ይልመዱት፣ ጋሼ» ብሎ ሰጠኝ።

ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርህ! ከወንዙ ማዶ ያለውን ትልቁን የቀረሮ ዛፍ ታውቀዋለህ፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ አየሁት። አንድ ጉሬዛ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጦ ነጭ ጭራውን ሲያወዛውዝ አየሁት። ብቻዬን ሳቅኩ። የአጥሩን እሾህ አየሁ፤ የበቆሎውን ፀጉር አየሁ። ዝቅ አደረግኩት። አንዲት አሮጊት ከጓሯችን ጎመን ትቀነጥሳለች። ይቺ ደግሞ ማን ናት ሰው ጓሮ የምትገባ ብዬ ልቆጣ ስል ቀና አለች። እናትህ ናት።

ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከግንባሯ በላይ ያለው ፀጉር ጥጥ ሆኗል። ጉንጯ ጎድጉዷል። ከዓይኖቿ ሥር ያለው ቆዳ ተሸብሽቧል። ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ፊቷን አኮማትራ ቆመች። ዕለት ዕለት አብሬያት ማዕድ እቀርባለሁ፣ መክብብ! መነጽሩን ከፊቷ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

«ጋሼ! ጋሼ ዲበኩሉ፣ ሰው ላይ ነው እኮ!» ብሎ ሰቦቃ አፈሙዙን ወደ ላይ ገፋው።

እናትህ አይታኛለች። አልሸሸችም፤ ጎመኑን እንዳቀፈች ቀስ እያለች ወደ ጉብታው ወጣች።

«ልትገድለኝ ነው?» አለች ስትደርስ።

«ባዶ ነው።»

«ታዲያ ምን አይተህ ነው እንዲህ ያፈጠጥከው?»

«ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?»

ሰቦቃ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እናትህ ጎመኑን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። «ሳያት ከመዳሯ በፊት ጀምሮ ነው፣ ዲበኩሉ» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሰቦቃ ዞሬ «መነጽሩን ለብቻው አትሸጥልኝም?» አልኩት።

«መነጽሩ ያለ ጠመንጃው ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሼ?»

እናትህ ናት የመለሰችለት። «ወንድሜ፣ ጠመንጃህን ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ግን ምሳ ብላ» አለችው። በልቶ ሄደ።

ስለዚህ ውድ ጠመንጃ ዋጋው ይገባዋል ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ መልሴ ይገባዋል ነው። ያንተ «ጠመንጃ ጠመንጃ ነው» የማያውቅ ሰው ወሬ ነው። ግን አልገዛሁትም። ደስ ይበላችሁ! ቆርቆሮው ይገዛል።

ምንሽሩንም ወረዳ ሄጄ ከነፈቃዱ አስረከብኩ። የተቀበለኝ ጎረምሳ ወደ ግድግዳው አነጣጠረና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና ይሠራል፤ ማነጣጠሪያውም ቁልጭ ያለ ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ያ ሁሉ ሲሆን የት ነበር ቁልጭ ማለቱ? ፈርሜ ወጣሁ፤ የት ላይ እንደምፈርምም በጣቱ አሳየኝ።

ከርከሮው የቀረውን በቆሎ እየጨረሰው ነው። ኪቲላ ከውሻው ጋር ሁለቱንም እርሻ እጠብቃለሁ ብሏል፤ እኔ ማማው ላይ ሆኜ ቆርቆሮ እደበድባለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቆርቆሮ ደብዳቢ ሆንኩልህ። ምንሽሩን ማስረከቤ በተሰማ ማግስት የኪቲላ ልጆች በእርሻችን ጥግ አለፉ፤ ድምፃቸውን ሰማሁ። «አካም ቡልታን፣ አባባ! እንደምን አደሩ!» አሉኝ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለየሁም እንጂ ለሁሉም መለስኩላቸው።

ሳያትና እናትህ ጅማ ስላለ አንድ ሐኪም ይንሾካሾካሉ። ማን እንደታመመ እስካሁን አልነገሩኝም። ጎትተው የሚወስዱኝ ከሆነም እሄዳለሁ፤ ክርክር ሰልችቶኛል።

አምላክ ከበረሃው ሐሩርና ከመንገዱ አደጋ ይሰውርህ። የምትዘረጋው ውሃ የጠማውን ሁሉ ያርካ፤ ምርቃታቸውም አንተን ይከተልህ። እናትህ ስምህን ሳትጠራ የምትተኛበት ቀን የለም።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል። ስትመጣ ደጁን እንደረገጥክ «መክብብ ነኝ» በል፤ ከሩቅ ጀምረህ በል። እንግዳ ነው ብዬ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳልህ እንዳልቀር።

አባትህ
ዲበኩሉ