ሲሀም ጅብ የሆነችበት ጫካ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ አብዱልቃድር፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ዳገቱን መውጣት ፈቀደልዎ ወይስ አሁንም ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ነው መንገደኛውን ሁሉ የሚያዙት? እትዬ መዲና የዓይናቸው መድኃኒት ተስማማቸው? ሪሀናስ ከነልጆቿ እንዴት ናት? የጦሳ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናንተ ክረምት ሳይገባ የኛ ቀድሞ ገብቶብን፣ ፖይንት ኩክ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ጃኬት ለብሰን ሌላ ጃኬት ያስመኘናል። እኔ አሁንም ዌሪቢ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። ሺፍቴን ወደ ጠዋት ስላዞሩልኝ ወገቤ አመስግኗቸዋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው በስልክ፣ የልጃችንን የሲሀምን ኒካሕ ለጊዜው አቆዩት፣ ልጅቷ ላይም ቁርኣን ይቀራባት ያሉኝ ጊዜ ልቤ ተሰበረ። በአንቱ ፊት ምላሴ ድሮም ይታሰራል። ወንድምዎ ሰዓድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እሱ ከሞተ ወዲህ የልጅቷ ወሊይ፣ በአባት ቦታ የሚድሯት፣ እርስዎ ነዎት። ያለ እርስዎ ቃል የሚሆን ነገር የለም፤ እንዲሆንም አልፈልግም። ስለዚህ የሰሙት ወሬ ከየት እንደ ተነሳ በጽሑፍ ላስረዳዎ ብዬ ተቀመጥኩ።

በረመዳን አንድ ቀን ሴቶች እኛ ቤት ለማፍጠር ተሰበሰቡ። አብራኝ የምትሠራው ላሊሴ፣ ምነው ሲሀም ሰው ቤት አትታዪም፣ እሑድ እሑድ የት ነው የምትውይው ብላ ጠየቀቻት። የዚህ አገር ልጆች በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱት። ያን ቀን ግን ሲሀም እንግዶቹን ላክብር ብላ በአማርኛ፣ ኮምፒውተር ላይ ጫካ አለን፣ እዚያ እኔ ጅብ ነኝ አለች። ጋሼ፣ የሴቶቹ እጅ ሳምቡሳው ላይ ደርቆ ቀረ። እዚህ አገር የቱንም ያህል ብንኖር የወሎ ሰው ፊት ጅብ ነኝ አይባልም። አንዷ ቢስሚላህ አለች፣ ሌላዋ የልጇን ፊት በሻርፗ ሸፈነች። በማግስቱ እኔ ሥራ ሳልገባ ወሬው ደሴ ደርሶ ነበር፤ እርስዎ ዘንድማ የሄደው፣ ልጅቷ ሌሊት ሌሊት ጅብ ሆና ታድራለች ተብሎ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። በተረታችን አንበሳ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ጦጣ ታማክረው የለም ወይ? ከፈረንጆቹም እንስሳን እንደ ሰው እያናገሩ መሳልና መጻፍ የሚወዱ አሉ። በእንግሊዝኛ ፈሪ ይሏቸዋል፤ የኛ ፈሪ እንዳይመስልዎ፣ ጸጉራም እንደ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሲሀም ሳትወለድ፣ እኔና ሰዓድም ሳንተያይ፣ ኮምፒውተር ገና ሥዕል ማሳየት ሳይለምድ፣ በጽሑፍ ብቻ አንድ ጫካ ሠሩ። ዓይን የሚያየው ነገር የለውም። አንዱ እዚህ ወንዝ አለ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ወንዙ ላይ ድልድይ ይጽፋል፣ ሌላው ደግሞ ድልድዩ ሥር ሻይ ቤት ይከፍታል። የሚገባ ሰው የሚሆነውን እንስሳ መርጦ መልኩን በጽሑፍ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያለው ወግ ነው፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ኑሮ መወደድ፣ እኛም ተሰብስበን የምናወራውን ነው የሚያወሩት።

በደህናው ዘመን ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ ጫካውን የያዘው ኮምፒውተር፣ ማሽኑ፣ አልችል ብሎ፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም ተብሎ በሩ ላይ ሰልፍ ነበረ አሉ። ተጋብተውበታል፣ ተጣልተውበታል። ባለጌም አልጠፋም፤ ሽማግሌዎቻቸው ደንብ አውጥተው ስድ አፉን እየለዩ አስወጡ። በኋላ ሥዕል ያለው ጨዋታ መጣ፣ ስልኩ መጣ፣ ሰዉም እየተንጠባጠበ ሄደ። ከቀሩት አብዛኞቹ ጸጉራቸው የሸበተ ናቸው። ማሽኑን ከምድር ቤቱ አስቀምጦ፣ ቤት በቀየረ ቁጥር እንደ ሙሽራ ተጠንቅቆ እያጓጓዘ ያቆየላቸው አንድ አዛውንት ነበር። ጫካው ውስጥ ኤሊ ነው።

ኤሊው በሚያዝያ ሞተ። ሲሀም ፊቱን አይታ ለማታውቀው ሰው ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። መጀመሪያ ተናደድኩባት፤ ኋላ ግን ለቅሶ ለቅሶ ነው ብዬ እሑድ ጠዋት ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ደራሹ በጽሑፍ እየገባ ወንዙ ዳር ይቀመጣል፣ እሷ ትተረጉምልኛለች። ቀበሮው መጣ፣ ጥንቸሏ ከካናዳ ገባች፣ ድቡ ዓይነ ስውር ነው፣ ጽሑፉን ማሽን ያነብለታል። ሰው ሲሞትባቸው እያንዳንዱ የእንስሳውን ድምፅ በጽሑፍ ማሰማት ልማዳቸው ነው። ተራው ሲሀም ጋ ሲደርስ፣ ድምፁን እንዴት እንደምትጽፈው ለማወቅ መጀመሪያ በአፏ አወጣችው። ከሥር ጀምሮ መጨረሻው ላይ ሽቅብ የሚሄድ ጩኸት ነው። ጋሼ፣ ቁርጥ ሰዓድ። ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

ማልቀሴን ስታይ ነገረችኝ። አባቷ ሊያስተኛት ሲል የደሴ ጅብ እንዴት እንደሚጮህ ያሰማት ነበር። ትፈራለች፣ ትስቃለች፣ ትተኛለች። ሲሞት ገና ሕፃን ነበረች። ጫካው የገባች ዕለት ምን ልሁን ብላ አላሰበችም። ፊቱ እየጠፋብኝ ነው፣ ድምፁ ግን አለኝ አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አላወቅሁም ነበር። ሰዓድ ደግሞ ጩኸቱን ከማን እንደ ተማረ አውቃለሁ። ከመድረሳ ሲመለሱ ቀድሞ ዳገቱ ላይ እየተደበቀ የሚያስፈራራው ታላቅ ወንድም እንደ ነበረው ሲያወራኝ፣ ሳቁ እንባውን ያመጣው ነበር።

ቁርኣን ይቀራባት ማለትዎ አይከፋም፤ ለእኔም ይቀራልኝ። ግን ሕመም የለባትም። ሶላቷን አታጓድልም፣ ሥራዋን አክባሪ ናት፤ አሁን እሷና ሁለት ጓደኞቿ ማሽኑን ተረክበው ጫካው ሳይዘጋ ቀርቷል፤ አዳዲስ ሰዎችም መግባት ጀምረዋል ትለኛለች። እጮኛዋ ሱሀይብ ከመጀመሪያው ያውቃል። እናቱ እትዬ ሩቂያ ዘንድ ግን ራሴ ኮሊንግዉድ ፎቁ ድረስ ሄጄ አስረዳኋቸው። አዳምጠው አዳምጠው፣ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፣ የኔዋ ምራት ግን ጅብነቷን ተናግራ ነው የተቀመጠችው ብለው ሳቁ። ከአረፋ በኋላ ቢሆን ደስ ይላቸዋል። እሳቸውም እንደኔ የእርስዎን ቃል ነው የሚጠብቁት።

እትዬ መዲናን እጅ ነስታለች ይበሉልኝ። ሪሀናንና ባሏን ሰላም ይበሉልኝ፣ ልጆቿን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ዓለምጸሐይን፣ ዘኪያ አልረሳችዎትም ይበሉልኝ።

ሲሀምም በራሷ አማርኛ የላከችው ሰላምታ አላት። አባቷ ልጅ ሳለ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚነግራት ሰው በዚህ ዓለም ላይ ከእርስዎ በቀር አልቀረም። ኒካሑን ቢከለክሉኝ እታገሣለሁ፣ ስለ አባቴ መንገርን ግን አይከልክሉኝ ብላለች።

የወንድምዎ ሚስት ዘኪያ
ፖይንት ኩክ፣ ሜልቦርን
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.