አርብ ስለሚጠፋው መብራትና ሰኞ ስለተገኘው ክብረ ወሰን

ለክቡር የምርምር ተቋማችን የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ እንዲሁም በቅርቡ አዲስ ምንጣፍ የተነጠፈለትን ቢሮዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ በሁለተኛው ፎቅ መጨረሻ ባለው የባትሪ ክፍል የምሠራው ተመራማሪ፣ ደኅና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ለድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ዓይን አፋር ሆነው ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ማለፍ ስላቃታቸው ነው።

ደብዳቤውን መንገደኛም ሊያነበው ስለሚችል፣ ሥራችንን በአጭሩ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። በየስልካችን ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሻገሩት በእሱ ነው። ባትሪው ሲጎዳ ፈሳሹ ይፈስሳል፣ ሲብስበትም በእሳት ይያያዛል። እኛ በፈሳሹ ፋንታ ከስታርች የተሠራ፣ የሽንኩርት ገለፈት የመሰለ ደረቅ ሽፋን ለማስገባት እንለፋለን። ስታርች ብቻውን ግትር ስለሆነ ቅንጣቶቹን እንደ ልብ አያሳልፍም። ስለዚህ በዓይን የማይለይ፣ ከላመም የላመ የማዕድን ዱቄት እንቀላቅልበታለን። ናኖ የሚሉት ይህን ነው፤ በስታርቹ መካከል እየገባ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል፣ ለቅንጣቶቹም መንገድ ይከፍታል። ሲያንስ አይረዳም፣ ሲበዛ ይጓጉላል። ልኩን ለማግኘት ደግሞ ሽፋኑ ሙቀቱ በማይቋረጥ ማድረቂያ ሳጥን ውስጥ ቀናት መቆየት አለበት።

ስለ ምን እንዲህ ትደክሚያለሽ የሚለኝ ካለ፣ ታናሽ ወንድሜ ስልክ ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን ያበጠ ባትሪ ሲያወጣ እጁ ላይ ነደደበት። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም፤ መፍቻ የሚይዘው በግራው ነው። ደንበኞቹ «ግራው» ይሉታል፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ መሳቅ አልሆነልኝም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ «ኃይል ቆጣቢ ተቋም» በሚል ስላወጡት መመሪያ አመሰግናለሁ። በመመሪያው መሠረት አርብ ሥራ ሲያበቃ የመላው ሕንፃ መብራት ይጠፋል፣ ሰኞ ሲገባ ይበራል። ኃይል ማጠራቀሚያ የሚጠናበትን ክፍል ኃይል በመንሳት ኃይል የቆጠበ አለቃ ከእርስዎ በፊት መኖሩን አልሰማሁም። የሕንፃውን መብራት የሚያጠፋውን ባለሙያ የእኛን ሳጥን ብቻ እንዲተውልን ብለምነው፣ «እህቴ፣ እኔ ምን ላርግ፣ የታዘዝኩትን ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ከመመሪያው ውጭ ልዩ ፈቃድ ይሰጠን ብዬ የጻፍኩት ግን፣ እንደነገርኩዎ፣ ዓይን አፋር ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛ፤ ሰኞ ጠዋት በክፍላችን ስለተገኙ አመሰግናለሁ። ሳጥኑ ከአርብ ጀምሮ ቀዝቅዞ ስለነበር ሽፋኖቻችን የአየሩን እርጥበት ጠጥተው፣ ጣት ላይ የሚጣበቁ ሆነው ነበር። ረዳቴ፣ ሁሉን ነገር ደጋግሞ ካልመዘነ የማያምነውና «ሚዛን» የምንለው፣ እስኪ ምን ያህል እንደተበላሹ እንይ ብሎ አንዱ ቅንጣቶቹን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ሲለካ፣ ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። ቅንጣቶቹን ያሳለፋቸው ውሃው ነበር፤ ዱቄታችን ከደሙ ንጹሕ ነው። ይህን እየተነጋገርን ሳለ እርስዎ ከእንግዶችዎ ጋር ገቡ፣ ቁጥሩን አዩ፣ እጄን ጨበጡ፤ «ቆይ፣ ይድረቅና ይለካ» የሚለውን ሳልጨርስ ፎቶ ተነሣን። ከሰዓት በኋላ «ክብረ ወሰን» የሚል ማስታወቂያ በዋናው በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያወጡት ሰዎች ስለ ባትሪ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ እኛን ግን አውቀውናል።

ሦስተኛ፤ የተለካውን ሽፋን ለማስታወሻ ብለው ወስደው፣ በመስታወት አስገብተው ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ስላሰቀሉት አመሰግናለሁ። ከእሱ ጋር የተሠሩትን ሌሎቹን እኛ በወጉ አድርቀን ለካናቸው። ዱቄት ካልገባበት ሽፋን በእጥፍ ይበልጣሉ። እጥፍ ለማስታወቂያ አይበቃም፤ ነገር ግን ደጋግመን ብንለካው ሳይዋሽ እጥፍ ነው፣ እኔም ከዚህ ሁሉ ዓመት ልፋት በኋላ የምኮራበት እሱኑ ነው። ይህን ላስረዳ ስመጣ «ወደ ኋላ የሚሄድ ምርምር ዛሬ ገና አየሁ» ብለው አሳቁኝ። ሳቁ እስከ ደረጃው ድረስ ነበር።

አራተኛ ብዬ ለመቁጠር ጉልበት አጣሁ፤ ስለዚህ ዋናውን እንደመጣልኝ ልናገር። ሽፋኑ ለምርት ዝግጁ ነው፣ በየቤቱ በሚታደል የእጅ ፋኖስ ባትሪ ውስጥ ይገባል የሚል ወረቀት ልከውልኝ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረምኩ ክፍላችን የስብሰባ አዳራሽ እንደሚሆን በትሕትና አሳስበውኛል። ክቡር ሆይ፣ ማስታወቂያው ላይ የሰፈረውን ቁጥር የሚሰጠው እርጥቡ ሽፋን ብቻ ነው። እርጥብ ሽፋን ባትሪ ውስጥ ሲገባ ውሃው ባትሪው ውስጥ ካለው ሊቲየም ከሚባል ብረት ጋር ተጣልቶ ጋዝ ያወጣል፣ ባትሪውም ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም፤ ከእኛ ቤት ራት የሚቀርብለት ሰው እጅ ላይ አይቼዋለሁ።

ማስታወቂያውን ያነበበ አንድ ደንበኛ ለወንድሜ ነግሮት፣ ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ። «እንኳን ደስ አለሽ! የመጀመሪያውን ባትሪ እኔ ነኝ የምከፍተው፣ በቀኝ እጄ!» አለኝ። ገና አልደረሰም፣ ያየኸው ቁጥር ውሃ ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። «በቃ፣ ሲደርስ ትነግሪኛለሽ» አለና ተመለሰ። በዚያ ቀን እርስዎን በጣም ተቀየምኩ፤ ይህንንም ለጨዋነት ብዬ ልደብቀው አልቻልኩም።

ስለዚህ አልፈርምም። ክፍሉን ይውሰዱት፤ ወንበሩም ጠረጴዛውም ለስብሰባ ይሆናል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማድረቂያ ሳጥኑን ከነሶኬቱ በአንድ ጥግ ይተዉልኝ። ስብሰባውን አይረብሽም፤ ከተሰብሳቢዎቹም ይልቅ ዝምተኛ ነው።

እጥፉን ሦስት እጥፍ ሳላደርግ እንዳልሞት ከጸሎትዎ እንዳይለዩኝ እየተማጠንኩ፣ አርብም ሆነ ሰኞ በማይቀዘቅዝ አክብሮት፣

የሁለተኛ ፎቅ ታዛዥዎ፣
የክብረ ወሰኑ ባለቤት ያለ ፈቃዷ

የግርጌ ማስታወሻ፦ ይህን ልቋጭ ስል ጸሐፊዎ ደውላ፣ ግድግዳዎ ላይ በመስታወት ውስጥ ያለው ሽፋን አረንጓዴ ጠጉር ማብቀሉን ነገረችኝ፤ በምን እንደሚጠረግም ጠየቀችኝ። እንዳትነካው መክሬያታለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ውሃ የጠጣ ስታርች ደግሞ እያደር ይሻግታል። አሁን ባለበት ሁኔታ ቢለካ ከፊተኛው የሚበልጥ አዲስ ክብረ ወሰን ሊሰጥዎ ስለሚችል፣ ረዳቴ ሚዛን መለኪያውን ይዞ ወደ ቢሮዎ ሊመጣ ዝግጁ ነው። አርብ ሥራ ሳያበቃ ቢያስጠሩት መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ መብራት የለም።