የዎሽመላው ወንፊት

ጁን 8
ዛሬም ዝናብ። በሟች ባለቤቴ በኩሚ ፎቶ ፊት እንደ ቡድሂስት ወጋችን ሩዝና ውሃ አቀረብኩ፣ ትንሿን ደወል አንዴ መታሁ፣ ወደ ሥራ። ለሙት ዓመቷ ለሚመጡት ዘመዶች የእጅ ፎጣ እያተምኩ ነው። የዎሽመላ ቅርንጫፍ... ሥዕሉም የእሷ፣ ቀለም የሚያልፍበት ሥዕሉ ብቻ ክፍት ቀርቶ ሌላው በሽፋን የተደፈነባቸውን የማተሚያ ወንፊቶችም ያዘጋጀችው እሷ። ቅጠሉን በአረንጓዴ ጨረስኩ። ነገ ፍሬው፣ በብርቱካናማ።

ጁን 9
አልደረቀም። ስነካው አረንጓዴው ጣቴን ተከትሎ መጣ። በእርጥቡ ላይ ብደርብ ሁለቱም ይጨማለቃሉ። ልጄ ማዮ ደወለች።
«አባዬ፣ አንድ ካርቶን ጣፋጭ ግዛና አድላቸው፤ አርፈህ ተቀመጥ።»
«እናትሽ የተገዛ ነገር አድላ ታውቃለች?»
ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ጁን 11
ምን ነካኝ?
ቬንትሌተሩን ፎጣዎቹ ወደተሰጡበት ገመድ አዙሬ አረንጓዴውን አደረቅኩ። ጥሩ። ከዚያ ሳላጠፋው ብርቱካናማውን ጀመርኩ... ነፋሱ ለካ ወንፊቱ ላይ ያለውንም ቀለም እያደረቀው ኖሯል። ሁለተኛው ፎጣ ላይ ፍሬው ግማሽ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ምንም። የወንፊቱ ቀዳዳ በደረቀ ቀለም ተደፍኗል።
ሌላ ወንፊት እንዳላሠራ ሥዕሉ የለም እኮ! የምትወደው አብሯት ይሂድ ብዬ ሬሳ ሣጥኗ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አስከሬኗ ሲቃጠል አብሯት ተቃጠለ። ከእጇ የቀረው ይኸው ወንፊት ነው።

ጁን 12
ወንፊቱን እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት። ብፈትገው ሽፋኑ ይላጣል፣ ብተወው ይደነድናል። ጸለይኩ። ለነፍሷ ነው ለወንፊቱ? እሷ ስታጣጥር እንኳ እንዲህ ፈርቼ ነበር? ፎቶዋን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጁን 13
የኩሚ ታላቅ እህት፣ እትዬ ቶዮ መጡ። ወንፊቱን ታቅፌ አገኙኝ።
«ምነው፣ እንደገና ልትቀብራት ነው?»
«ተደፍኖብኝ ነው፣ እትዬ።»
«ታዲያ በእንባ ይከፈታል? ብሩሽ አምጣና ፈትግ!»
«በዚህ እጄ ይላጥብኛል...»
«ሌላ እጅ ከየት ላምጣልህ? ፈትግ ነው የምልህ!»
ፈተግኩ። ላብ አጠመቀኝ። ወደ መስኮቱ ሳነሳው ፍሬዎቹ ተከፍተዋል። ከቅርንጫፉ በታች ግን ሽፋኑ ተልጧል፤ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ።
«ቴፕ ለጥፍባት፤ ማንም አያያት» አሉና ሻይ ጠየቁኝ።

ጁን 15
ቴፑን ለጠፍኩ። አየሁት። አነሳሁት። ቬንትሌተሩን ፎጣዎቹ ወደሚደርቁበት ሌላ ክፍል ወስጄ ዘጋሁበት፤ ወንፊቱን ከነቀዳዳው አተምኩበት።

ጁን 19
ሙት ዓመቷ። የቡድሃ መነኩሴው ጸሎቱን ሲጨርሱ ፎጣውን አደልኩ። ማዮ ዘርግታ አየችው።
«አባዬ፣ እማዬ መሬት የወደቀች ፍሬም ሥላ ነበር?»
እትዬ ቶዮ በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ቴፑስ?»
«አነሳሁት። ያቺ ፍሬ የእኔ ናት።»
«ክብ እንኳ አይደለችም!» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።
ማዮ ስትሄድ «ወንፊቱን ልውሰደው? እኔም ልሞክር» አለች። በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት። ባቡሩ ሲነሳ «ለወንፊቱ ተጠንቀቂ» ማለቱን ረሳሁት።